ከርካሽ ሱፐርማርኬት የሚገዛው የቱ ነው? የማይገዛውስ?

ቆጣቢዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የቤት ወጪ ከእጅ እያመለጠ ስለሆነ ይህን ጉዳይ በደንብ እናውራበት ብዬ ነው። ዲስካውንት የሚባሉትን ሱፐርማርኬቶች ማለቴ ነው። እቃው ከነካርቶኑ የሚደረደርበት፣ መደርደሪያው ስሙን ሰምተነው በማናውቀው ብራንድ የተሞላ፣ ሂሳቡ ሲመጣ ግን ከሌላው ቦታ በጣም የሚያንስበት። እኔ አብዛኛውን አስቤዛ የምገዛው ከዚያ ነው። ሰው ፊት ሳነሳው ግን «ከዚያማ ለልጆችሽ አትግዢ» የሚለኝ አይጠፋም። ለምን ስል ምክንያት የለም። ርካሽ ነው፣ አለቀ። ርካሽ መሆኑ ብቻውን እንዴት ጥፋት ይሆናል? በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉም እቃ ያው ነው ብዬ አልከራከርም። ቀምሼው ሁለተኛ እጄን ያልሰደድኩበት ነገር አለ።

ስለ ሱቁ በጅምላ መፍረድ አይረዳንም ባይ ነኝ። ጥራት በእቃ በእቃ ነው የሚታየው። ስለዚህ እባካችሁ ጥሩ ነው መጥፎ ነው ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የቱ እቃ? በምን አወቃችሁ? እሱን ጻፉልኝ።

አባ መላ፦
ልጄ፣ ነጋዴ በባዶ ሜዳ ዋጋ አይቀንስም። የሆነ ቦታ ቀንሷል ማለት ነው። ከዱቄቱ ቀንሶ ይሁን፣ ከዘይቱ ይሁን፣ ከሠራተኛው ደመወዝ ይሁን፣ መጀመሪያ እሱን ንገሩኝ። ከየት እንደተቀነሰ ሳላውቅ ርካሽ አግኝቻለሁ ብዬ ደስ አይለኝም። ሦስት ጊዜ ታጥቦ የሚቀደድ ፎጣ ርካሽ አይባልም፤ ሁለተኛ መግዛት አለና።

መደርደሪያ፦
አባ መላ ጥያቄዎ ትክክል ነው። እኔ እንዲህ ዓይነት ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁና የማውቀውን ልንገርዎት። ትልቁ ቅናሽ የሚመጣው ከእቃው ብዛት ነው። አንድ የተለመደ ትልቅ ሱፐርማርኬት 30,000 አካባቢ የተለያየ እቃ ይይዛል። እንደ አልዲ ያለው ዲስካውንት ግን ቋሚ ዝርዝሩ 2,000 ገደማ ነው፣ ከዚያም ሊያንስ ይችላል። እዚያ አሥራ አምስት ዓይነት ሳልሳ አለ፣ እዚህ አንድ ወይም ሁለት። ለአሥራ አምስት የሚበተነው ገዢ አንዱ ላይ ሲከማች ሱቁ ያንን አንድ ሳልሳ በገፍ ያዛል። ፋብሪካው ደግሞ እንዲህ ያለ ትእዛዝ እንዳያመልጠው ዋጋውን ይቀንሳል። ቲማቲሙ ሳይነካ ዋጋው ወረደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ጉልበት አለ። እቃ አንድ በአንድ አይደረደርም። ካርቶኑ ፊቱ ተቀድዶ እንዳለ ይቆማል፣ ሲያልቅ ባዶው ይነሳል። ማሸጊያው ላይ ባርኮዱ ትልቅ ነው፣ ብዙ ጊዜም በተለያየ ጎኑ ታትሟል፤ ካሸሩ እያገላበጠ እንዳይፈልግ። ጋሪው ሳንቲም የሚከተትበት ሰው ራሱ እንዲመልሰው ነው፣ ጋሪ የሚሰበስብ ሠራተኛ አያስፈልግም። ጌጥ የለም፣ ሙዚቃ እንኳ የሌለባቸው አሉ። አንድ ሠራተኛ ካሸርም ነው፣ አራጋፊም ነው፣ ጽዳትም ነው።

ሦስተኛው ብራንድ ነው። አብዛኛው እቃ ሱቁ ራሱ ስም አውጥቶ ፋብሪካ የሚያሠራው ነው። በዚያ ስም ቴሌቪዥን ላይ ማስታወቂያ አይሠራም፣ ታዋቂ ሰው አይከፈልበትም። በታዋቂው ብራንድ ዋጋ ውስጥ ይህ ሁሉ አለ።

ይህ አሠራር ዛሬ የመጣ አይደለም። ጀርመን ኤሰን ከተማ ውስጥ የአልብሬክት ቤተሰብ እናት በ1913 እ.ኤ.አ. ትንሽ ሱቅ ከፈተች። ልጆቿ ካርልና ቴዎ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተረከቡት። ገንዘብ ስላልነበራቸው ጥቂት እቃ ብቻ ይዘው ጀመሩ። እቃ እንጨምራለን እያሉ ሳለ ጥቂቱ ራሱ በደንብ እንደሚያተርፍ አዩና በዚያው ገፉበት። አልዲ የሚለው ስም የመጣው በ1962 ነው፤ አልብሬክትና ዲስካውንት ተቀጽለው። ሌላው የጀርመን ዲስካውንት ሊድል ደግሞ በ1973 ተከተለ።

አባ መላ፦
እንዲህ ሲብራራ ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ። የሠራተኛውን ነገር ግን ቶሎ አለፍከው፤ ሦስት ሥራ ለአንድ ሰው ካልክ ያም ዋጋ ነው።

መደርደሪያ፦
እውነትዎን ነው። ሥራው ወገብ ይሰብራል። ሰዓት ይቆጠርብሃል፣ የካሸሩ ፍጥነት ይለካል። ደመወዙ እኔ በሠራሁበት ቦታ ከሌሎቹ ሱቆች የተሻለ ነበር፣ ድካሙ ግን እጥፍ ነው። በአደባባይ የወጣ ታሪክም አለ። በ2008 ጀርመን ውስጥ ሊድል ሠራተኞቹን በድብቅ ሲያስሰልል ተደርሶበት ወደ 1.5 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር የሚገደው ሰው ከመግዛቱ በፊት ሊያስብበት ይገባል፣ እኔም ይገደኛል። ውዱ ሱቅ ግን ውድ ስለሆነ ብቻ ሠራተኛውን ይንከባከባል ማለት አይደለም። ሁለቱንም ዓይነት አይቻለሁ።

የልጆች እናት፦
እኔ ቀጥታ ወደ ኑሮው ልግባ። ዳይፐር፣ እርጥብ ሶፍት፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ የታሸገ ባቄላ፣ ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ፣ ወተት፦ ዓይኔን ጨፍኜ ከርካሹ ነው የምገዛው። ዳይፐሩ ሌሊቱን ሙሉ ይይዛል፣ ልጄንም አላሳከካትም። የእቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናው ግን ውሃ ውሃ ነው። ስፖንጁ ላይ ደጋግመሽ ካልጨመርሽ ቅባት አይለቅም፣ እና ጠርሙሱ ሳታስቢው ያልቃል። ብስኩቱ ስኳር ብቻ። ሻዩም ቀለም ያወጣል እንጂ ጣዕም የለውም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ። የሕፃን ወተት። እህቴ ልትወልድ ነው፣ ርካሹን ልምከራት ወይስ ይቅር?

ጨው ቅመስ፦
የልጆች እናት፣ ስለ ሕፃን ወተት አትጨነቂ። እሱ እንደ ብስኩት ፋብሪካው እንደፈለገ የሚቀምመው ነገር አይደለም። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለሕፃን ወተት መስፈርት ያወጣው በ1981 ነው። ፕሮቲኑ፣ ስቡ፣ ቫይታሚኑ፣ ብረቱ ከስንት በታች እንዳይሆን፣ ብዙውም ከስንት በላይ እንዳይሆን ተወስኗል። የአውሮፓ ኅብረትም አሜሪካም በዚህ ላይ የራሳቸው ጥብቅ ሕግ አላቸው። ሕጉ በሚከበርበት አገር በሕጋዊ መንገድ የሚሸጥ የሕፃን ወተት ርካሹም ውዱም ያንን ማሟላት አለበት። ውዱ ላይ «ልዩ» የተባለ ነገር ተጨምሮ ሊሆን ይችላል። ለሕፃኑ የግድ የሚያስፈልገው ግን ርካሹም ውስጥ አለ። እህትሽ መጠንቀቅ ያለባት ለተወለደ ሕፃን የሚሆነውን መምረጧ ላይ ነው፣ ለተለቀ ልጅ የሚሸጠው ሌላ ነው። ልጁ አለርጂ ካለው ወይም ያለጊዜው ከተወለደ ደግሞ ሐኪሙን ትጠይቅ።

ባለሙያ ራሱ ምን እንደሚገዛ ማየት ይጠቅማል። በ2015 የታተመ የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች ጥናት አለ። የራስ ምታት መድኃኒት ሲገዛ ተራው ሰው 26 በመቶውን ጊዜ ታዋቂ ብራንድ ይመርጣል። ፋርማሲስቶች ግን 9 በመቶ ብቻ! የቀረውን የሱቁን የራሱን ይወስዳሉ፤ ውስጡ ያለው መድኃኒት አንድ መሆኑን ያውቃሉና። ለሙያተኛ ሼፎችም ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። ለቤታቸው ጨውና ስኳር ሲገዙ ከሌላው ሰው ይልቅ ርካሹን ያዘወትራሉ። እኔ ከዚህ የወሰድኩት፣ እቃው ቀለል ባለ ቁጥር ብራንድ ትርጉም ያጣል። ጨው ጨው ነው። ስኳርም እንዲሁ። ልዩነት የሚመጣው ቅመማ ሲገባበት ነው፦ ሶስ፣ ቋሊማ፣ አይስክሬም፣ ቸኮሌት፣ የተዘጋጀ ምግብ።

ነቄ፦
ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። የፈረስ ሥጋው! በ2013 አውሮፓ ውስጥ የበሬ ሥጋ ነው ተብሎ ስንት ሰው ፈረስ በላ። አልዲም ሊድልም ስማቸው ነበረበት። ከዚያ በኋላ የተፈጨና የተዘጋጀ ሥጋ ከርካሽ ሱቅ እንዴት አምነን እንገዛለን? ሥጋ ላይ መቆጠብ ለኔ አይዋጥልኝም።

የፋብሪካ ልጅ፦
ነቄ፣ ታሪኩን ሙሉውን እናምጣው። የአየርላንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በጥር 2013 ምርመራውን ይፋ ሲያደርግ ከነአልዲና ሊድል ጋር የእንግሊዙ ትልቅ ሱፐርማርኬት ቴስኮም ነበረበት፣ እሱ ዲስካውንት አይደለም። ከዚያ ላዛኛው መጣ። ፊንደስ የሚባለው ታዋቂ ብራንድ ላዛኛና የአልዲ ላዛኛ ሁለቱም ፈረስ ተገኘባቸው። ሁለቱንም ያቀረበው ደግሞ አንድ የፈረንሳይ ድርጅት ነው፣ ኮሚዤል። በብራንዱ ስም ብዙ የከፈለውም፣ በርካሹ የገዛውም፣ ከአንድ ቦታ የወጣ ፈረስ ነው የበላው።

ስለዚህ ያ ታሪክ ዲስካውንት መጥፎ ነው የሚለውን አያሳይም። የሚያሳየው ሥጋ ተፈጭቶ፣ ተቀላቅሎ፣ ድንበር አቋርጦ፣ በአራት በአምስት ደላላ ካለፈ በኋላ ምን እንደሆነ ማንም በዓይኑ ሊያውቀው እንደማይችል ነው። አይዋጥልኝም ያልከው ትክክል ነው፤ ግን ጥንቃቄው ለሁሉም ሱቅ ይሁን። ሥጋ ከፈለግህ ቁራጩን ግዛና ቤት ፍጨው ወይም ክተፈው።

እኔ የምሠራው ምግብ ፋብሪካ ውስጥ ነው። በአንድ መስመር ላይ የታዋቂ ብራንድም የሱቅ ብራንድም እናሽጋለን። ሰው ይህን ሲሰማ «በቃ ያው ነው» ይላል። ሁልጊዜ ያው አይደለም! አንዳንዱ በእርግጥ አንድ ነው፣ ማሸጊያው ብቻ ይቀየራል። አንዳንዱ ግን አሠሪው የራሱን አሠራር ይዞ ይመጣል፦ ቲማቲሙ ይቀነስ፣ ስታርች ይጨመር፣ በወይራ ዘይት ፋንታ የሱፍ ዘይት ይግባ። መስመሩ አንድ፣ ምግቡ ሌላ። ስለዚህ «አንድ ፋብሪካ ነው የሚያወጣው» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ አትግዙ። የጀርባውን ጽሑፍ አንብቡ።

ቆጣቢዋ፦
የፋብሪካ ልጅ፣ ስፈልገው የነበረው እንዲህ ያለ መልስ ነው። የጀርባውን ጽሑፍ ግን እንዴት እናንብበው? ደቃቅ ነው፣ ግማሹ ቁጥር ነው። ቆሞ ለማንበብም ጊዜ የለም።

የፋብሪካ ልጅ፦
ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግሽም። የተሠራበትን ነገር ዝርዝር ፈልጊ፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት እይ። በብዙ አገር ሕግ ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው። ብዙ የገባው ይቀድማል። የቲማቲም ሶስ ላይ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ስኳር ካየሽ መልሰሽ አስቀምጪው። ቲማቲም የሚቀድመው ሌላ ይኖራል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ማሸጊያው ላይ በስም ወይም በሥዕል ጎልቶ የወጣው ነገር ስንት በመቶ እንደሆነ መጻፍ አለበት። የእንጆሪ እርጎ ተብሎ እንጆሪው ስንት እንደሆነ እዚያው ታገኚዋለሽ፣ አንዳንዴ ያስደነግጣል።

ለጁስ፦ ጁስ እና ኔክታር አንድ አይደሉም። ኔክታር ውሃና ብዙ ጊዜ ስኳር የተጨመረበት ነው። «መጠጥ» ከተባለ ደግሞ ፍሬው ከዚያም ሊያንስ ይችላል። ለቱና፦ የጣሳውን ክብደት ተይው፣ ፈሳሹ ወጥቶ የሚቀረውን ክብደት እይ። ለዶሮና ለሃም (ለተዘጋጀ የአሳማ ሥጋ)፦ ዝርዝሩ ውስጥ ውሃ ካለ በሥጋ ዋጋ ውሃ እየገዛሽ ነው። ለወይራ ዘይት፦ ኤክስትራ ቨርጂን (ከፍተኛው ደረጃ) ለመባል አሲዱ ከ0.8 በመቶ መብለጥ የለበትም፣ ጣዕሙም ይፈተሻል። ርካሹ ላይ ኤክስትራ የሚለው ቃል ከሌለ ከኤክስትራ ቨርጂኑ ጋር ዋጋ አታወዳድሪው።

አንድ ወር እንዲህ ብታደርጊ ዘወትር የምትገዣቸውን ትለያቸዋለሽ። ከዚያ በኋላ ማንበብ የሚያስፈልገው አዲስ ነገር ሲመጣ ወይም ማሸጊያው ሲቀየር ብቻ ነው።

መዝገብ ያዥ፦
እኔ ዋጋው ላይ ልጨምር። ርካሽ የሚባለው ሱቅ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም! የማሸጊያውን ዋጋ ሳይሆን የኪሎውን ወይም የሊትሩን ተመልከቱ። ከዋናው ዋጋ በታች በትንሽ ፊደል ይጻፋል። አውሮፓ ውስጥ ከ1998ቱ መመሪያ ወዲህ በሕግ ግዴታ ነው። የማይጻፍበት አገር ያላችሁ ስልካችሁ ላይ ማካፈል ነው። ትልቁ ጥቅል ከትንሹ በኪሎ ሲወደድ አይቻለሁ፤ ሰው ትልቅ ሁሉ የሚያተርፍ ይመስለዋል።

ሌላው ዋጋውን ሳይነኩ እቃውን ማሳነስ ነው። ብስኩቱ ፓኬት እንደነበረ ነው፣ ውስጡ ግን ቀሏል። ይህን ታዋቂ ብራንዶችም ያደርጉታል። ካርፉር የሚባለው ትልቅ ሱፐርማርኬት ፈረንሳይ ውስጥ በ2023 መደርደሪያው ላይ «የዚህ እቃ መጠን ቀንሷል፣ ዋጋው ግን ጨምሯል» የሚል ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ነበር፤ ትልልቅ አምራቾች ላይ ጫና ለማድረግ። በኪሎ የሚያስብ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ሳይጠብቅ ያየዋል።

ለሳሙናም ይሠራል። የልጆች እናት ያለችው ፈሳሽ ሳሙና ለምሳሌ፣ ጠርሙሱ ርካሽ ነው፣ ግን ሁለት እጥፍ ከፈሰሰ የት አለ ቁጠባው? የልብስ ሳሙና ላይ ለስንት እጥበት እንደሚሆን ይጻፋል። ዋጋውን ለዚያ አካፍሉት። በዚህ ስሌት አንዳንዱ የርካሽ ሱቅ የልብስ ሳሙና በጣም ያዋጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከታዋቂው ብራንድ እኩል ይመጣል።

የልጆች እናት፦
ጨው ቅመስ ተባረክ፣ ለእህቴ አነበብኩላት። መዝገብ ያዥ፣ ፈሳሽ ሳሙናውን አሁን በሌላ ቀይሬያለሁ፣ ስሌቱ ልክ ነው። የማዝነው ግን በአትክልቱ ነው። ርካሹ ሱቅ ቲማቲሙን በማሸጊያ ነው የሚሸጠው። ከላይ ያለው ቀይ፣ ከሥር ያለው የፈነዳ። እየመረጥሽ መውሰድ አይቻልም። ቤት ስደርስ ግማሹን እጥላለሁ።

መደርደሪያ፦
አትክልት የነዚህ ሱቆች ደካማ ጎን ነው፣ አልደብቅሽም። ጥሩ የያዙ አሉ፣ ግን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይለያል። ሠራተኛ ጥቂት ስለሆነ የተበላሸውን እየለቀመ የሚያወጣ ሰው በበቂ አይኖርም። እቃው የሚራገፍበትን ሰዓት እወቂው። ብዙ ቦታ ማለዳ ነው፤ ማታ የምትመጪ ከሆነ ሰው ነካክቶ የተወው ነው የሚደርስሽ። ማሸጊያውን ገልብጠሽ ከሥሩ እይ፣ እርጥበት ካለ ተይው። ጎመን፣ ካሮት፣ ሽንኩርት፣ ድንች ብዙ አያስቸግሩም። ቲማቲም፣ እንጆሪና ሰላጣ ግን የሚመረጥበት ቦታ ግዢ።

የበረዶ አትክልት ሞክረሻል? አተር፣ ፎሶሊያ፣ ስፒናች። ከማሳ በተነሱ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስለሚቀዘቅዙ ቫይታሚናቸው በደንብ ይቆያል። ብዙ ጊዜ ቀናት መንገድ ላይ ከቆየ «ትኩስ» አትክልት አይተናነሱም። ዝርዝራቸው ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ አተር። ጨው እንኳ የለበትም። እዚህ ላይ ለታዋቂ ብራንድ መክፈል አይታየኝም።

ነቄ፦
የማብቂያ ቀኑስ? ሊያልፍበት የደረሰ እቃ ሰብስበው ነው የሚሸጡት ይባላል።

መደርደሪያ፦
እኔ በሠራሁበት ሱቅ በተቃራኒው ነበር። እቃው ጥቂት ዓይነት ስለሆነ ቶሎ ይዞራል፣ መደርደሪያ ላይ አቧራ የሚጠጣ ጣሳ የለም። ቀኑ የቀረበ ሲኖር ቢጫ ወይም ቀይ ወረቀት ተለጥፎበት ዋጋው ይቀነሳል፣ በግልጽ። ለዛሬ ራት ከሆነ ውሰደው። ሁለቱን ቀን ግን ለይ። «እስከዚህ ቀን ተጠቀም» የሚለው እንደ ጥሬ ሥጋ፣ ዓሣና ዶሮ ላይ ነው፣ እሱ የጤና ጉዳይ ነው፣ ካለፈ ይጣላል። «ከዚህ ቀን በፊት ቢበላ ይመረጣል» የሚለው ግን ፓስታና ብስኩት የመሳሰሉት ላይ ነው፤ ስለ ጣዕምና ስለ ይዘት ነው የሚያወራው። ካለፈ ክፈተው፣ አሽትተው፣ ቅመሰው።

አባ መላ፦
እኔ የተፈተንኩት በመሃለኛው መስመር ነው። ምግብ ልገዛ ገብቼ መሰርሰሪያ፣ ድንኳን፣ የእግር ሹራብ፣ መጥበሻ ተከምሮ አያለሁ። ለአንድ ሳምንት ብቻ ይላል። መጥበሻው ጥሩ ወጣልኝ፣ እስካሁን አልላጠም። መሰርሰሪያው ግን ኮንክሪት ላይ አቅም አጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ እቃ ምን ታያላችሁ?

መዝገብ ያዥ፦
አባ መላ፣ መሰርሰሪያውን ለምን ነበር የፈለጉት? በዓመት አንዴ ሥዕል ለመስቀል ከሆነ ይበቃል፣ ለሥራ ከሆነ ግን የመሣሪያ ሱቅ ይሻላል። እኔ በነዚያ እቃዎች ላይ ዋስትናውን ነው የማየው። የስንት ዓመት ነው? ደረሰኝ ይዤ ብመለስ ይቀበሉኛል? ብዙዎቹ ይቀበላሉ፣ ስለዚህ ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ወረቀቱ ቀለሙ ይለቃል። ደግሞ ባትሪውና ቻርጀሩ ከሌላ መሣሪያ ጋር ይሠራ እንደሆነ ይጠይቁ። ሳምንቱ ካለፈ መለዋወጫ ማግኘት ያስቸግራል።

ቆጣቢዋ፦
ብዙ ተማርኩ። የኔን ዝርዝር እንዲህ አስተካክያለሁ። ከርካሹ፦ ዱቄት፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ ጨው፣ ወተት፣ ቅቤ፣ የበረዶ አትክልት፣ የታሸገ ጥራጥሬ፣ ዳይፐር፣ ሶፍት። ጀርባው ተነብቦ፦ ሶስ፣ ጁስ፣ እርጎ፣ ቱና፣ ዘይት፣ የልብስ ሳሙና። ከሌላ ቦታ፦ ቲማቲምና ሰላጣ፣ ሻይ፣ የእቃ ሳሙና፤ ሥጋ ደግሞ ሳይፈጭ። ቡና ላይ ገና አልወሰንኩም። ጥሬውን ከርካሹ ገዝቶ ራሱ የቆላ አለ?

ጨው ቅመስ፦
ቡና ላይ የተፈጨውን ተይው፣ መቼ እንደተፈጨ አታውቂም፣ መዓዛው ቶሎ ይሄዳል። ጥሬው ከተገኘ ማሸጊያው ላይ አገሩና የምርት ዓመቱ መጻፉን እይ። ፍሬው እኩል መሆኑን፣ የተሰበረና የጠቆረ አለመብዛቱን በማሸጊያው መስኮት በኩል ተመልከቺ። ግማሽ ኪሎ ወስደሽ ቁዪና እዚሁ ንገሪን።